የማይጠፋው ኤሲ፦ ጋራዥ የማይነግርዎ ሽቦ

ጋራዥ ውስጥ ጮክ ተብሎ የማይነገር ነገር አለ። እኔ በሙያው ውስጥ ስላለሁ ዛሬ ቀስ ብዬ ልንገርዎ። ኤሲው አልጠፋ ብሎት ወረታ ላይ ኮፈን የሚያስከፍት ባለ መኪና አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ኮምፕሬሰር የለውም። ያለው ማንም ያልነገረው ሽቦ ነው።

ወረታን ለሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው አስፋልትና ከወልዲያ ተነሥቶ በጋሸና፣ በንፋስ መውጫና በደብረ ታቦር አድርጎ የሚወርደው መንገድ የሚገጣጠሙት እዚህ ነው። ሩዝ የሚጭነው አይሱዙ፣ የደረቅ ወደቡን ዕቃ ይዞ የሚመጣው ተሳቢ፣ የመሥሪያ ቤት ላንድክሩዘር፣ አባዱላው፣ ቪትዙ ሁሉ በዚህ መገናኛ ያልፋል። እዚህ ቁጭ ብሎ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው የአገሩን ጋራዥ ሁሉ እጅ ያያል፤ አፋር ላይ የተነካካውን፣ አዲስ አበባ የተነካካውን፣ ጎንደር የተነካካውን።

«ኤሲዬ አላቀዘቅዝ አለ» የሚል ሞልቷል። «አልጠፋ አለኝ» የሚለው ግን ሲመጣ ግራ ተጋብቶ ነው። ቁልፉን ይጫናል፣ መብራቷ ትጠፋለች፣ ቅዝቃዜው ይቀጥላል። ዳገት ላይ ሞተሩ ይከብደዋል፤ ነዳጁ ከወትሮው ቶሎ ያልቃል፤ ኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ ጋቢውን ይደርባል። ከዚያ በፊት ያሳየበት ቦታ «ኮምፕሬሰሩ አልቆለታል» ብለው ዋጋ ነግረውታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። አልጠፋ ያለ ኮምፕሬሰር እኮ እየሠራ ያለ ኮምፕሬሰር ነው! የታመመው ትእዛዙ ነው። ትእዛዙ የሚታመምበትን ዋና ምክንያት ደግሞ እኛ ሙያተኞቹ ጠንቅቀን እናውቀዋለን፤ «ዳይሬክት» እንለዋለን።

ዳይሬክት የሚወለድበት ቦታ

በጤነኛ መኪና ላይ ኮምፕሬሰሩ ከመነሣቱ በፊት ብዙ ቦታ ፈቃድ ይጠይቃል። የእርስዎ ቁልፍ፣ የግፊት ስዊቹ፣ ቴርሞስታቱ፣ በአዳዲሶቹ መኪኖች ላይም የሞተሩ ኮምፒውተር ሁሉም «እሺ» ማለት አለባቸው። ዳይሬክት ማለት እነዚህን ሁሉ ዘሎ፣ ከባትሪ ወይም ከኮንታክት በኋላ ካለ መስመር ሽቦ ስቦ ኮምፕሬሰሩን ከቺንጋው ጋር ለሚያያይዘው የክላች ማግኔት ቀጥታ ኃይል መስጠት ነው።

ብዙውን ጊዜ ክፋት የለበትም። አንድ ተሳቢ ከጅቡቲ ወጥቶ በጋላፊ ወደ ሚሌ ሲያመራ ያስቡ። የአፋር ሙቀት 40 ዲግሪን ያልፋል። በዚህ መሐል ኤሲው ቀጥ ይላል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ጋዝ መቀነሱ ነው፤ የግፊት ስዊቹ ጋዙ ማነሱን ሲያውቅ ኮምፕሬሰሩን ያቆመዋል። ትክክለኛው ሥራ የሚያፈሰውን ቦታ ፈልጎ መድፈን፣ በቫኪዩም ፓምፕ አየሩንና እርጥበቱን ስቦ ማውጣት፣ ከዚያም በልኩ መሙላት ነው። መንገድ ዳር ይህ ሁሉ መሣሪያ የለም። ሾፌሩን ላብ አጥምቆታል፤ ጭነቱም የሚደርስበት ቀን ተቆርጦለታል። ያገኘው ሙያተኛ አንዲት ሽቦ ይስብለታል፤ ኮምፕሬሰሩ ይነሣል፤ የተረፈችው ጋዝ ትንሽ ቅዝቃዜ ትሰጣለች። «ወንድሜ፣ ለጊዜው ነው፤ ስትደርስ በደንብ አሠራው» ብሎ ይሸኘዋል።

ለጊዜው የተባለችው ሽቦ ከመኪናው ጋር ወደ ወልዲያ ትወጣለች፤ ጋሸናን ታልፋለች፤ ንፋስ መውጫ ላይ ታድራለች። እዚያ ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ነው፤ ኤሲ የሚፈልግ ሰው የለም። ሾፌሩ ሊያጠፋ ቁልፉን ይጫናል። ቁልፉና ኮምፕሬሰሩ ግን ከሚሌ ጀምሮ አይተዋወቁም። ወረታ ሲገባ ሽቦዋን የሳበው ሰው በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቋል። መኪና ሾፌር ይቀይራል፣ ባለቤት ይቀይራል፤ ሽቦው ግን ይኖራል።

ሁለተኛው የዳይሬክት መወለጃ ጋዝ የሚሞላበት ቦታ ነው። ባዶ የሆነ ኤሲ ሲሞላ ኮምፕሬሰሩ ተነሥቶ ጋዙን እንዲስብ፣ የግፊት ስዊቹን ሶኬት ነቅሎ ሁለቱን መስመሮች በቁራጭ ሽቦ ማገናኘት የተለመደ ነው። ለደቂቃዎች ብቻ ከሆነና የሚያየው ሙያተኛ አጠገቡ ከቆመ ያስኬዳል። ሥራው ሲያልቅ ቁራጩ ሽቦ እዚያው ሲቀር ነው ጣጣው። ሦስተኛው ደግሞ ቴርሞስታት ሲበላሽ ነው። ዕቃው ገበያ ላይ ሲጠፋ ወይም ሲወደድ መስመሩ ይገናኝና መኪናው ይሸኛል።

ሁለቱን ዓይነት ይለዩልኝ። የመጀመሪያው ኤሲ እጅዎን እምቢ ያለ ነው፤ ቢጫኑትም አይጠፋም። ሁለተኛው በቁልፍ ይጠፋል፤ ማረፍ ባለበት ሰዓት በራሱ ማረፍ ግን ተከልክሏል። የመጀመሪያው ያናድዳል፣ ስለዚህ ቶሎ ወደ ጋራዥ ይመጣል። ሁለተኛው ድምፁን አጥፍቶ ይገድላል።

ኮምፕሬሰር ለምን ማረፍ አለበት?

በብዙዎቹ መኪኖቻችን ላይ ያለው ኮምፕሬሰር ይሠራል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይሠራል። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ጆሮ ሰጥተው ካዳመጡ «ቀጭ» የምትል ድምፅ በየተወሰነ ጊዜ ትሰማለች፤ ማግኔቱ ሲይዝና ሲለቅ ነው። እረፍቱ ዝም ብሎ የተሰጠ አይደለም።

ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው ኢቫፖሬተር አየሩን ሲያቀዘቅዝ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በላዩ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ቅዝቃዜው ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ቴርሞስታቱ ኮምፕሬሰሩን ያሳርፈዋል። ቴርሞስታቱ ከተዘለለ ውሃው በረዶ ይሆናል፤ በረዶው የአየር መተላለፊያውን ይደፍናል። መጀመሪያ እጅ የሚያደነዝዝ ቅዝቃዜ ይመጣል፤ ቆይቶ ንፋሱ እየሳሳ ይሄዳል። ያን ጊዜ ባለ መኪናው «ኤሲው ደከመ» ይልና ጋዝ ያስጨምራል። ጋዙ ግን አልጎደለም ነበር። ከልክ በላይ የተሞላ ጋዝ ሌላ በሽታ ይጨምርበታል።

ዘይቱም እንደዚያው ነው። የኤሲ ኮምፕሬሰር የሚለሰልስበት ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ የሚዞር ነው። ጋዙ ሲያልቅ ዘይቱን ተሸክሞ የሚመልሰው የለም። ለዚህ ነው የግፊት ስዊቹ በብዙ መኪኖች ላይ ግፊቱ ወደ 2 ባር ሲወርድ ኮምፕሬሰሩን የሚያቆመው። በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ግፊቱ ወደ 30 ባር ሲጠጋ ያቆመዋል፤ ጋዙን የሚያበርደው ኮንደንሰር በአቧራ ከተደፈነ ወይም የፊቱ ፋን ካልሠራ ግፊቱ እዚያ ለመድረስ ጊዜ አይወስድበትም። ሁለቱንም ጠባቂ በአንዲት ቁራጭ ሽቦ ያሰናበተ መኪና ከታች በድርቀት፣ ከላይ በግፊት ይጠቃል። ያን ጊዜ በእውነት የሞተ ኮምፕሬሰር ይኖርዎታል።

ይህ ማረፊያ ከመጀመሪያው አልነበረም። የአሜሪካው ፓካርድ እ.ኤ.አ. በ1939 መጨረሻ ፋብሪካ የተገጠመ ኤሲ ያለው መኪና ለገበያ ሲያቀርብ ኮምፕሬሰሩ ክላች አልነበረውም። ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ኮምፕሬሰሩ ይዞራል። ቅዝቃዜውን ጨርሶ ማጥፋት የፈለገ ሰው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ቺንጋውን ማውለቅ ነበረበት። ክላች የመጣው ያንን ጣጣ ለማስቀረት ነው፤ ቴርሞስታቱና የግፊት ስዊቹም ኮምፕሬሰሩን የሚያሳርፉት በእሱ ነው። ዳይሬክት የተደረገ መኪና ወደዚያ ዘመን የተመለሰ መኪና ነው።

መጀመሪያ፣ አልጠፋ ያለው የትኛው ነው?

ጋራዥ ከመሄድዎ በፊት ይህን ራስዎ ይለዩ፤ በር ላይ የሚሉት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የሚጠየቁትን ሒሳብ ይወስነዋል። «ኤሲው አይጠፋም» ሲሉ አራት የተለያዩ ነገሮችን ሊሉ ይችላሉ።

አንደኛው ንፋሱ ነው። ቅዝቃዜ ኖረም አልኖረ ከዳሽቦርዱ የሚነፋው ፋን አልቆም ካለ ኮምፕሬሰሩን ማንም እንዳይነካብዎ። ችግሩ የፋኑ ሪሌ፣ የፍጥነት ማዞሪያው፣ ወይም ኤሲያቸው በራሱ በሚስተካከል መኪኖች ላይ የፋኑ መቆጣጠሪያ ሞጁል ነው። ቁልፍ ተነቅሎም የሚነፋ ከሆነ ዛሬውኑ ፊውዙን ያውጡ። በከፍተኛ ፍጥነት የሚዞር ፋን ከ10 እስከ 20 አምፔር ስለሚበላ፣ የቤት መኪና ባትሪ ሌሊቱን አያድርም።

ሁለተኛው የራዲያተሩ ፋን ነው። ሞተር ከጠፋ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ መዞሩ በብዙ መኪኖች ላይ ጤነኛ ሥራው ነው፤ ሞተሩን እያበረደ ነው።

ሦስተኛው የመስታወት ማጽጃው ነው። የንፋሱን አቅጣጫ ወደ ፊት መስታወት ሲያዞሩት ብዙ መኪኖች ኮምፕሬሰሩን በራሳቸው ያስነሣሉ፤ በአንዳንዶቹ ላይ የኤሲው መብራት እንኳ አይበራም። ጉሙን የሚያጠፋው ደረቅ አየር ነው፤ አየሩን የሚያደርቀው ደግሞ ኢቫፖሬተሩ ነው። በወረታ ዙሪያ ያለው የፎገራ ሜዳ ክረምት መስታወት በጉም ስለሚሸፍን እዚህ አገር ሾፌር ከሐምሌ እስከ መስከረም አቅጣጫውን እዚያው ላይ ትቶት ይነዳል። ከዚያ «አይጠፋም» ብሎ ይመጣል። አቅጣጫውን ወደ ፊት ወይም ወደ እግር መልሰው ይሞክሩት። ከቆመ በሽታ የለበትም፤ በዚህ ገንዘብ የሚቀበልዎ ሰው ካለ አይክፈሉ።

አራተኛው የደጋው አየር ነው። ከወረታ ተነሥተው በዓለም በር ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ ጉና ትከሻ ሲወጡ ከ1 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍታ ይጨምራሉ። አየሩ በየ1 ሺህ ሜትሩ ከ6 ዲግሪ በላይ ስለሚቀዘቅዝ፣ ኤሲ ጠፍቶም ከውጭ የሚገባው ንፋስ ቀዝቃዛ ነው። የሙቀት ማስተካከያው ወደ ሙቁ ዞሮም ሙቀት ካልመጣ የተጣበቀው የአየር በሩ ወይም የሙቅ ውሃው ቫልቭ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ የለበትም።

ከእነዚህ ሁሉ ካለፉና ኮምፕሬሰሩ ራሱ አልቆም ካለ፣ አሁን ወደ ዋናው ምስጢር እንግባ።

ሦስቱ ነቀላዎች

ደኅና የኤሌክትሪክ ሙያተኛ ይህን ችግር የሚለየው በሦስት ነቀላ ነው። ማሽን አያስፈልገውም፤ ብዙ ሰዓትም አይፈጅም። እርስዎ አጠገቡ ቆመው ማየት መብትዎ ነው። ብቻ ጋቢ፣ ነጠላ ወይም ፎጣ አንገትዎ ላይ ካለ ያውልቁ፤ ቺንጋና ፋን የተንጠለጠለ ልብስ ይስባሉ። የሚነቀለው ሁሉ ሞተሩ ጠፍቶ ይነቀላል፤ ከዚያ አስነሥቶ ከርቀት ማየት ነው።

መመልከቻው የኮምፕሬሰሩ ፊት ነው። ቺንጋው የሚያዞረው ፑሌጃ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ሁልጊዜ ይዞራል፤ እሱን አይተው አይደንግጡ። መሐሉ ላይ ያለው ክብ ሳህን ግን የሚዞረው ማግኔቱ ሲይዘው ብቻ ነው። ኤሲው ጠፍቶ ሳህኑ ከዞረ ጥርጣሬዎ ልክ ነው።

የመጀመሪያው ነቀላ ሪሌው ነው፤ ትእዛዝ ተቀብሎ ለማግኔቱ ኃይል የሚሰጠውና የሚያቋርጠው እሱ ነው። ኮፈኑ ሥር ባለው የፊውዝ ሳጥን ክዳን ላይ የትኛው የኤሲ ክላች ሪሌ እንደሆነ ሥዕሉ ያሳያል። ነቅለው ሞተሩን ያስነሡ። ሳህኑ ከቆመ ጥሩ ዜና ነው፤ ችግሩ ሪሌው ወይም ሪሌውን የሚያዘው መስመር ነው። ቁጥሩ ፍጹም አንድ ዓይነት የሆነ ሪሌ፣ ለምሳሌ የጥሩምባው ተመሳሳይ ከሆነ፣ ለሙከራ ቦታ ያቀያይሩ። በሌላው ሪሌ ኤሲው በትክክል ከጠፋ፣ የቀድሞው ሪሌ ውስጥ ያለው መገናኛ ተጣብቆ ቀርቷል ማለት ነው። መድኃኒቱ አንድ ሪሌ ነው። ሙሉ ኮምፕሬሰር ሊገዙ ከነበረበት ወደ አንድ ሪሌ ይወርዳሉ።

እዚህ ላይ ሁለት የሙያ ምስጢር ልጨምርልዎ። አይሱዙና ብዙ ከባድ መኪኖች 24 ቮልት ናቸው፤ የ12 ቮልት ሪሌ ከተገጠመላቸው ውስጡ ይቃጠላል። ገዝተው ሲመጡ ላዩ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ሁለተኛው፣ አዲስ ሪሌ እየደጋገመ የሚጣበቅ ከሆነ ጥፋቱ የሪሌው አይደለም። ማግኔቱ ሲለቅ በሽቦው ውስጥ የሚነሣውን የኤሌክትሪክ ምት የሚያበርድ ዳዮድ በብዙ መኪኖች መስመር ላይ አለ። ከሌላ መኪና ወልቆ የመጣ ያገለገለ ኮምፕሬሰር ሲገጠም ያ ዳዮድ ይረሳል፤ ምቱም በየጊዜው የሪሌውን መገናኛ ይበላዋል። ዳዮዷ ትንሽ ናት፤ የምታድነው ግን ብዙ ነው።

ሪሌው ደኅና ሆኖ አሁንም ኮምፕሬሰሩ ካልጠፋ፣ አንድ ቦታ «ሥራ» የሚል ትእዛዝ ሳይቋረጥ እየመጣ ነው። ቁልፉ ውስጡ ተጣብቆ፣ የኤሲው መቆጣጠሪያ ተበላሽቶ ወይም ሽቦው ተልጦ ቦዲ ነክቶ ሊሆን ይችላል። ይህ የቴስተር ሥራ ነው፤ ለሚያውቅበት ይተዉት።

ሁለተኛው ነቀላ ሪሌው ተነቅሎም ሳህኑ ከዞረ ነው። ወደ ኮምፕሬሰሩ ማግኔት የሚገባውን ሶኬት ይንቀሉ። አሁን ከቆመ፣ ኃይሉ ሪሌውን ሳይጠይቅ በሌላ በር እየገባ ነው። ይህ ነው ዳይሬክቱ። ሽቦውን ከኮምፕሬሰሩ ወደ ኋላ በእጅ እየዳሰሱ መከተል ነው። ፋብሪካ የሠራው ሽቦ በጥቁር ቱቦ ተሸፍኖ ከወንድሞቹ ጋር ታስሮ ይሄዳል። በኋላ የመጣው ብቻውን ይሄዳል፤ ቀለሙና ውፍረቱ ይለያል፤ መጋጠሚያው በጣት ተጠምዝዞ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ሲገኝ በስልክዎ ፎቶ ያንሡት። ከዚያ «ለምን ተሳበ?» ብለው ይጠይቁ። ሽቦውን ቆርጦ መጣል ብቻ በቂ አይደለም፤ ያስሳበው የመጀመሪያ ችግር፣ ጋዝ ማፍሰስ ወይም የሞተ ስዊች፣ አሁንም እዚያው አለ።

ሦስተኛው ነቀላ ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ምንም ኃይል ሳይገባ ሳህኑ ከዞረ ነው። አሁን ነገሩ ከኤሌክትሪክ ወጥቶ ወደ ብረት ገባ፤ የሚነቀለው ክላቹ ነው። በሳህኑና በፑሌጃው መካከል ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት መኖር አለበት። ክፍተቱ ከተዘጋ፣ ክላቹ ግሎ ከተጣበቀ ወይም ኩሽኔታው ከሞተ፣ ማግኔቱ ቢለቅም ሳህኑ ይዞራል። እዚህም ላይ ቢሆን ሹክ ልበልዎ፤ በብዙ ኮምፕሬሰሮች ላይ ክላቹ ጋዙን ሳያፈስሱ ለብቻው ይፈታል። «ሙሉ ኮምፕሬሰር» ከመባሉ በፊት «ክላቹ ብቻ አይገኝም?» ብለው ይጠይቁ።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ላይ ኮምፕሬሰሩ ክላች የለውም፤ ፊቱ ሞተሩ እስካለ ድረስ ይዞራል፤ ሥራውን የሚያበዛውና የሚያሳንሰው ውስጡ ያለ የኤሌክትሪክ ቫልቭ ነው። በእነዚህ ላይ የሳህኑ ሙከራ አይሠራም። መዞሩን ብቻ አይቶ «ተበላሽቷል» የሚል ሙያተኛ የመኪናውን ዓይነት አላወቀም ማለት ነው።

የፎገራ ሜዳ የሚጨምረው

የሰው እጅ ያልነካቸውም ጉዳዮች አሉ፤ እነሱም የአገሩን መልክ የያዙ ናቸው።

የርብና የጉማራ ወንዞች ወደ ጣና የሚገቡት ይህን ሜዳ አቋርጠው ነው። በክረምት ሞልተው ሲፈስሱ መንገዱንም ማሳውንም ውሃ ያለብሳሉ፤ በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ፎገራንና ሊቦ ከምከምን የመታው ጎርፍ አይረሳም። መኪና እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ ሲያልፍ ሶኬቶቹ ውስጥ የሚቀረው ደለል ጭምር ነው። ደለሉ እርጥበት ይዞ ይከርማል፤ የሽቦ ጫፎች አረንጓዴ ዝገት ያወጣሉ፤ መገናኘት የሌለባቸው ሁለት መስመሮች ይገናኛሉ። ክረምት ውሃ የተሻገረ መኪና በጥቅምት ኤሲው በራሱ መነሣት ከጀመረ መጀመሪያ የሚከፈተው የፊውዝ ሳጥኑ ነው። ሶኬቶቹን በኮንታክት ማጽጃ ማጠብና በደንብ ማድረቅ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል።

ከዚያ አጨዳ ይመጣል። ሩዝ ፎገራ ላይ ከለመደ ወዲህ ወረታ የወፍጮ ከተማ ሆናለች፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከሉም እዚሁ ነው። የሩዝ እብቅ ቀላል ነው፤ ከአቧራ ጋር ተቀላቅሎ ኮንደንሰሩ ላይ ይለጠፋል። ግፊቱ ከፍ ይላል። የግፊት ስዊቹ ጤነኛ ከሆነ ኮምፕሬሰሩን ያሳርፋል፤ ባለ መኪናው ግን «እየቆራረጠ አስቸገረኝ» ይላል፤ ያልተጠነቀቀ ሙያተኛ መጠበቂያውን ይዘልለታል። ኮንደንሰሩን ከውስጥ ወደ ውጭ በለስላሳ ውሃ ማጠብ የሚፈታውን ነገር በሽቦ መፍታት ማለት ይህ ነው።

አይጡም አለ። እህል ያለበት አይጥ ያለበት ነው። መጋዘን አጠገብ የሚያድር መኪና ኮፈኑ ሥር ሙቀት ስላለው አይጥ ጎጆ ይሠራበታል፤ የሽቦውንም ልባስ ይቆረጥመዋል። የተላጠ የትእዛዝ ሽቦ ቦዲ ሲነካ በአንዳንድ መኪኖች ላይ ቁልፉ እንደተጫነ ሆኖ ይቆጠራል። የፋኑን ቤት ሲከፍቱ ገለባና የተቀዳደደ ወረቀት ካገኙ የሽቦውን መስመር እስከ ጫፉ ያስፈትሹ።

መንገድ ላይ ሆነው ቢገጥምዎ

ሐሙሲት ወይም አዲስ ዘመን ላይ ሆነው ኤሲው አልጠፋ ቢልዎ አይጨነቁ። ሞተሩን ያጥፉ፤ የኤሲውን ክላች ሪሌ ወይም ፊውዝ ይንቀሉ፤ መንገድዎን ይቀጥሉ። ዳይሬክት ከሆነና ይህ ካልሠራ የኮምፕሬሰሩን ሶኬት ይንቀሉ፤ ጫፉን በፕላስተር ጠቅልለው ከቺንጋውና ከትኩሱ ብረት አርቀው ይሰሩት። ቺንጋ መቁረጥ ግን የለም። በቆዩ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ኤሲው የራሱ ቺንጋ ሊኖረው ይችላል፤ በአዳዲሶቹ ላይ ግን አንዱ ቺንጋ ዲናሞውንም የውሃ ፓምፑንም ያዞራል። እሱን የቆረጠ ሰው ሞተሩን አቃጥሎ ይቆማል። የጋዝ ቱቦም አይፈታም፤ ብዙዎቹ መኪኖች የሚጠቀሙት አር 134ኤ ከግፊት ሲለቀቅ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ስለሆነ ቆዳና ዐይን ይጎዳል።

ፋኑን ብቻ አጥፍተው «ቅዝቃዜው ቆመ» ብለው አይዘናጉ። ኮምፕሬሰሩ ከሥር እየዞረ ከሆነ ነዳጁንም ጉልበቱንም መብላቱን አልተወም፤ አየር የማያልፍበት ኢቫፖሬተርም ቶሎ በረዶ ይሠራል።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪናም አንድ ቃል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች ቁጥር እየጨመረ ነው። የእነዚህ ኮምፕሬሰር ቺንጋም የክላች ማግኔትም የለውም፤ በዋናው ባትሪ ከፍተኛ ቮልት ይሠራል። ባትሪውንም ስለሚያቀዘቅዝ መኪናው ቆሞ ቻርጅ ሲደረግ በራሱ ቢነሣ ብልሽት አይደለም። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውን ኬብሎች ያልሠለጠነ ሰው እንዳይነካ። በነዳጅ መኪና ላይ ዳይሬክት ገንዘብ ያስከፍላል፤ እዚህ ላይ ነፍስ ያስከፍላል።

ለእርስዎና ለሙያ ወንድሞቼ

ይህን ሁሉ የነገርኩዎ ሙያተኛን እንዲጠሉ አይደለም። ዳይሬክት ያደረገ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሙቀት መሐል ሰው ያሻገረ ሰው ነው። የማልቀበለው ዝምታውን ነው። ያልተነገረ ሽቦ ቀጣዩን ሙያተኛ ያሳስታል፤ ባለ መኪናውን ያስከፍላል፤ የሁላችንንም ስም ያጠፋል። ስለዚህ የሙያ ወንድሞቼ፣ መዝለል የግድ ከሆነ ፊውዝ ያለው ሽቦ ተጠቀሙ፤ በፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ውስጥ ቀኑን፣ የትኛው ስዊች እንደተዘለለና ለምን እንደተዘለለ ጻፉ፤ ለሾፌሩም አሳዩት። ብዕር አንድ ደቂቃ አይወስድም።

እርስዎ ደግሞ መኪናዎን ሲረከቡ ሦስት ነገር ይጠይቁ። «የዘለልከው ስዊች አለ? ጋዙን የሞላኸው የሚያፈሰው ቦታ ተገኝቶ ነው? ያወጣኸው አሮጌ ዕቃ የታለ?» ከዚያ እዚያው ሞተሩ እየሠራ ኤሲውን አብርተው ያጥፉ፤ ሳህኑ ሲዞርና ሲቆም በዐይንዎ ይዩ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይህ አይከፋውም፤ እንዲያውም ደስ ብሎት ያሳይዎታል። የሚከፋው ከሆነ ቁልፍዎን ተቀብለው ወደ ሌላ ጋራዥ ይሂዱ።